ጃንሆይ የቆሙበት ረፋድ

በደብረ ብርሃን አንድ ሰው በአማካይ በሳምንት አንድ ጊዜ ይቆማል። ይህ ወሬ አይደለም፤ የዙፋን ችሎት በየመስከረሙ የሚያወጣው ቁጥር ነው። የ2087ቱ ዝርዝር እንደሚለው ከሚያስቆሙት ውስጥ የሚበዙት ጎረቤታሞች ናቸው፤ ከጎረቤታሞቹም የሚበዙት በአጥርና በውሻ የተጣሉ ናቸው። እኔ ራሴ ባለፈው ዓመት አርባ ጊዜ ቆሜያለሁ፣ ሃያ ሁለት ጊዜ አስቁሜያለሁ፣ መቶ ስድስት ጊዜ ደግሞ ፈርጃለሁ። ከመቶ ስድስቱ አንዱም አልተሻረብኝም። ይህን ስናገር ደረቴን ነፋ ማድረጌን አልክድም።

አሠራሩን ሕፃን ያውቀዋል። የበደለህን ሰው ታያለህ፣ ጮክ ብለህ «በንጉሥ አምላክ!» ትለዋለህ። በየእጃችሁ ያለው፣ የእሱም ያንተም አምባር ይቀላል፤ ሁለታችሁም ባላችሁበት ትቆማላችሁ። ለሁለታችሁም ባዕድ ከሆኑት አዋቂዎች መካከል ከሁሉ የቀረባችሁ ሰው አምባሩ ነጭ ይሆናል፤ ዳኛው እሱ ነው። ቸኩያለሁ፣ ወጥ ጥጄ ነው የወጣሁት ማለት አይሠራም። ስም ይጠይቃል፣ አቤቱታ ይሰማል፣ መልስ ይሰማል፣ ይፈርዳል። የፈረደውም እዚያው ይፈጸማል፤ በሩም፣ ቧንቧውም፣ አውቶቡሱም ቃሉን ሰምቶ እንደተባለው ይሆናል። ሳይፈረድ አንድ እርምጃ የጨመረ ሰው ግን ወዮለት። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የገዛ ቤቱ በር እንኳ አይከፈትለትም።

ባለፈው ክረምት አንድ ታካሚ አፉ በጥጥ ተሞልቶ እንደ ምንም «በንጉሥ አምላክ» ብሎ የጥርስ ሐኪሙን አስቆመው። ዳኛዋ ተራ የምትጠብቅ ሌላ ታካሚ ሆነች፤ ፈረደችም፤ ለሐኪሙ ሳይሆን ላስቆመው ማለቴ ነው። ሐኪሙ እስከ ዛሬ አኩርፏታል ይባላል። አንዲት ሙሽራ ደግሞ ሙሽራውን መኪና ውስጥ አስቁማው፣ አንድ መንገደኛ ዳኛ ሆኖ፣ ሠርገኛው አንድ ሰዓት ተኩል ፀሐይ ላይ ጠብቋል። ሰው ለምዶታል። እኔ ደግሞ ከመልመድም አልፌ ወድጄዋለሁ።

ስሜ ፈለቀ ወንድይፍራው ነው። በደብረ ብርሃን መናኸሪያ ሃያ ስድስት ዓመት ተራ አስከባሪ ነበርኩ። አውቶቡሶቹ ሾፌር ካጡ ቆይተዋል፤ ሰልፍ ግን እስከ ዛሬ ሰው ይፈልጋል። ሁሉም ቸኩሎ በሚመጣበት ቦታ ላይ ቆሞ፣ አንተ ቅደም፣ አንቺ ቆየት በይ፣ አንተ ደግሞ የት ነበርክ ብሎ መጠየቅ ነበር ሥራዬ። ስድብ ጠግቤያለሁ፤ በክርን ተመትቻለሁ፤ አንድ ጊዜ አንዲት መነኩሲት በመቋሚያ ጭንቅላቴን ብለውኛል። ማንንም ግን ያለ ተራው አሳልፌ አላውቅም።

የንጉሥ ሰው ነኝ፤ ከልቤ። ንጉሥ የሌለበትን ዘመን በዓይኔ አይቻለሁ። የአንድ ቱቦ ክዳን ለመቀየር ሦስት ኮሚቴ ይቋቋማል፤ ሦስቱ ኮሚቴዎች ተሰብስበው አራተኛ ያቋቁማሉ፤ እስከዚያው ሰው እየገባበት እግሩን ይሰብራል። አፄ ምሥራቀ ጽዮን የተቀቡ ዕለት ግን አንድ ቃል ተናገሩ፤ በማግስቱ በከተማው ክዳን የሌለው ቱቦ አልነበረም። ከእግዚአብሔር በታች፣ ከሰው ሁሉ በላይ ናቸው፤ በየትምህርት ቤቱ ጠዋት ጠዋት ይህ ይባላል፣ እኔም ስለው ኖሬያለሁ። ቃላቸው ከአፋቸው ሲወጣ ሕግ ነው። እንዲያው ለአነጋገር ያህል አይደለም፤ ከተማው ይሰማቸዋል። አንድ ቀን በመንገድ ሲያልፉ «ይህ ጥድ ደርቋል መሰለኝ» ብለው እንደ ዋዛ ተናገሩ፤ ጥዱ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ተነቀለ። እርጥብ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጃንሆይ ነገር አያበዙም።

የማቆሙ አዋጅ ሲረቀቅ የነበረ አንድ ጡረተኛ ጸሐፊ ሰልፍ ላይ ቆሞ ያጫወተኝን ልንገራችሁ። ረቂቁ «የተጠራ ሰው ሁሉ ይቁም» ይላል። ከጸሐፊዎቹ አንዱ ብዕሩን አንሥቶ፣ «ከንጉሡ በቀር የሚል ቢገባበትስ?» አለ። ሌሎቹ ዞረው አዩት። «ምን ማለትህ ነው? ጃንሆይን የሚያስቆም ሰው ይኖራል ብለህ አሰብክ?» አሉት። ከንጉሡ በቀር ብሎ መጻፍ፣ ንጉሡ ይከሰሱ ይሆናል ብሎ ማሰብ ነው፤ ማሰቡ ራሱ ነውር ነው። ሰውየው ይቅርታ ጠይቆ ብዕሩን አስቀመጠ። በአክብሮት ምክንያት ሳይጻፍ ቀረ። እኔም ስቄ አውቶቡሱ ላይ አሳፈርኩትና ነገሩን ረሳሁት።

ነገሩ የሆነው ግንቦት ውስጥ፣ ማክሰኞ ዕለት ነው።

ውኃ በከተማችን በፈረቃ ነው የሚመጣው። ዘጠኝ ሰፈር አለ፤ እያንዳንዱ በዘጠኝ ቀን አንዴ፣ ለሦስት ሰዓት ያገኛል። ይህን ሥርዓት የዘረጉት ጃንሆይ ናቸው፤ ከእሳቸው በፊት ውኃ የሚሄደው ጉልበት ወዳለው ነበር። ማክሰኞ የላይ ሰፈር ተራ ነበር። ላይ ሰፈር ግን ሦስት ተራ ተዘሎበት ነበር፤ ማክሰኞም አራተኛው ሊሆን ነው። ውኃው የዙፋኑን ሐይቅ እየሞላ ነው። ጃንሆይ የተቀቡበት ሃያኛ ዓመት ሲከበር ጳጳሳቱ የሚባርኩት ሐይቅ ነው፤ በቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት፣ ከአንዱ ዳር የጮኸ ሰው በሌላው ዳር የማይሰማበት ስፋት አለው።

ይርገዱ ኃይለ ጊዮርጊስ የላይ ሰፈር ሴት ናት፤ በዕድሜ እኩያዬ ትሆናለች። ያን ጠዋት በአንኮበር መስመር ሰልፍ ላይ ሁለት ባዶ ጀሪካን ይዛ ሰባተኛ ቆማለች። በሳምንቱ ውስጥ በየቀኑ ስትመላለስ አይቻት ነበርና ጠየቅኋት።

«ምን ልትነግጂበት ነው ይህን ሁሉ ውኃ?»

«ልጄን አጥብበታለሁ» አለችኝ። «ኩላሊቷን። ማሽኑ ቤት ነው ያለው፤ ለአንድ እጥበት ስድስት ጀሪካን ይጠጣል። በሁለት ቀን አንዴ ነበር የማጥባት፤ አሁን በአምስት ቀን ሆኗል። ፊቷ አብጧል።»

«ሐኪም ቤትስ?»

«ወረፋው ነሐሴ ነው አሉኝ። ነሐሴን የምታይ አይመስለኝም፣ ወንድሜ።»

ድምጿ አልተሰበረም። የአውቶቡስ ሰዓት እንደሚጠይቅ ሰው ነው የተናገረችው። እኔም «እግዚአብሔር ያውቃል» አልኳትና ሰባተኛ ቦታዋ ላይ ተውኳት። ከፊቷ ስድስት ሰው ነበር፤ ሌላ ምን ላድርግ?

ጃንሆይ በየቀኑ ረፋድ ላይ ሦስት መቶ እርምጃ በእግራቸው ይሄዳሉ፤ በየቀኑ በሌላ መንገድ። በየት እንደሆነ ሕዝቡ አያውቅም፤ አውቶቡስ እናነሣ ዘንድ የወሩ ዝርዝር የሚደርሰን ለመናኸሪያ ሰዎች ብቻ ነው። ያን ቀን ተራው የእኛ ነበር። አራት ሰዓት ሲል ምንጣፉ ተዘረጋ፣ ሰዉ አንገቱን ደፋ፣ እኔም ሰልፉ እንዳይዛነፍ ገመዱን ይዤ ወደ መሃል ጠጋ አልኩ።

እንደምታውቁት ሥዕላቸው በየቦታው አለ። በአካል ግን ቀጠን ያሉ፣ አፍንጫቸው በብርዱ የቀላ፣ ቀኝ እግራቸውን በጥቂቱ የሚስቡ ሰው ናቸው። ከኋላቸው ጸሐፌ ትእዛዙ ደጃዝማች ያየህይራድ፣ ከጸሐፌ ትእዛዙ ኋላ ዘበኞቹ። ሦስት መቶውን ሊጨርሱ ሠላሳ እርምጃ ያህል ሲቀራቸው ጀሪካን ሲወድቅ ሰማሁ። ቀጥሎ ድምፁ መጣ።

«በንጉሥ አምላክ!»

መጀመሪያ ሰው ሁሉ ግራ ቀኙን አየ። ሌባ ያገኘች መስሎን ነበር። አምባሬን አየሁት፤ ግራጫ ነው፤ እኔ አይደለሁም። ከፊት ያለው ጎረምሳም አምባሩን አየ፤ እሱም አይደለም። ከዚያ አንድ ዘበኛ እንደ ሴት ጮኸ። የጃንሆይ አምባር ቀልቷል።

ጃንሆይ አንሥተውት የነበረውን እግር መልሰው አስቀመጡት፤ ቆሙም። ለምን እንደ ቆሙ ከዚያ ወዲህ ብዙ ተብሏል። እኔ እንደማምነው ሌላ ሰው ሁሉ በሚቆምበት ምክንያት ነው የቆሙት፤ ያ ስም ሲጠራ እግር መቆም ለምዷል።

ዘበኞቹ ወደ ይርገዱ ሊሮጡ ሲሉ አለቃቸው ያዛቸው። የቆመን ሰው የነካ ቅጣቱ ይታወቃል። ጃንሆይ «ይብቃ» አሉ፣ ቀስ ብለው። ምንም አልሆነም። አምባራቸው እንደቀላ ነው። የቆመ ሰው ሳይፈረድ ማዘዝም መፈረምም አይችልም፤ ከተማው ሳይሰማቸው ሲቀር በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ያ የመጀመሪያው ነበር። ፊታቸው ላይ ያየሁት ቁጣ አልነበረም። ደረጃ አለ ብሎ ረግጦ ያጣ ሰው ይመስሉ ነበር።

መኳንንቱና ዘበኞቹ እንጀራቸው ከእሳቸው ነውና ባዕድ አይባሉም። ከባዕዶቹ መካከል ከሁሉ የቀረበ ማን እንደሆነ ለማየት ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። አምባሬ እንደ ወተት ነጥቷል፤ ደመወዜን የሚከፍለኝ መናኸሪያው ነውና ባዕድ ነኝ።

ፈራሁ። ልዋሽ አልፈልግም። ግን ሃያ ስድስት ዓመት የለመድኩት ነገር አለ፤ ሰልፍ ሲደፈርስ መጀመሪያ ድምፅህን ማስተካከል ነው። ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

«ስም?» አልኳት።

«ይርገዱ ኃይለ ጊዮርጊስ። ላይ ሰፈር።»

ወደ ጃንሆይ ዞርኩ። «ስም?»

«አንተ ሰው!» አለ ደጃዝማች ያየህይራድ፤ ፊቱ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። «ስማቸውን አታውቅም? አምባሩ ተበላሽቶ ነው! ይህ ሙግት አይደለም!»

«ስማቸውንማ ከገዛ ስሜ አስበልጬ አውቀዋለሁ፣ ክቡር ሆይ። ነገር ግን ባለጉዳዩ በገዛ አፉ ይናገር ይላል አዋጁ። የጻፉትም እርስዎ ነዎት።»

ጃንሆይ አዩኝ። «ምሥራቀ ጽዮን» አሉ።

«ሥራ?»

የከንፈራቸው ጫፍ ነቃነቅ ያለ መሰለኝ። «ንጉሠ ነገሥት።»

ይርገዱ አቤቱታዋን አሰማች። ባጭሩ ነው የተናገረችው። የላይ ሰፈር ተራ ሦስት ጊዜ ተዘልሏል፤ ዛሬ አራተኛው ነው፤ ሶስና የምትባል የሃያ አራት ዓመት ልጅ አለቻት፤ ልጅቷ ያለ ውኃ አሥር ቀን አትቆይም። የምጠይቀው የሰፈሬን ተራ ነው፣ ሌላ ምንም አልፈልግም አለች።

«መልስ?» አልኩ።

ጃንሆይ ቀጥ ብለው ቆሙ። «እኛን የቀባን እግዚአብሔር ነው። የሚጠይቀንም እሱ ብቻ ነው። ለሰው መልስ አንሰጥም።»

ሰዉ ሁሉ አንገቱን የባሰ ደፋ። እኔም ከልቤ «እውነት ነው» አልኩ በውስጤ። ይርገዱ ግን አልደፋችም።

«ታዲያ እኔስ በማን ጠራሁዎት፣ ጃንሆይ? በይርገዱ ስም ብጠራዎ ኖሮ ዞር ብለውም አያዩኝ። በእሱ ስም ነው የጠራሁዎት። በዚሁ ስም ጎረቤቴን ስንት ጊዜ አስቁሜዋለሁ፤ ክፉ ሰው ነው፣ ግን ይቆማል። እሱ እንኳ ለቆመለት ስም፣ የተቀቡበት እርስዎ እንዴት አይቆሙም?»

ጃንሆይ የቀላውን አምባራቸውን አዩ። ሲናገሩ ድምፃቸው ዝግ ብሎ ነበር።

«ሐይቁ የእኛ መታጠቢያ አይደለም። የመንግሥቱ ክብር ነው። ሲሞላ ሰማዩ እንዳለ በውስጡ ይታያል። ሕዝቡ መጥቶ ያየዋል፤ አንቺም ታዪዋለሽ።»

«ሶስና አታየውም» አለች ይርገዱ።

አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረኝ፤ የሥራዬ ጥያቄ ነው። «ጃንሆይ፣ የሐይቁ ተራ መቼ ነው?»

«ሐይቅ ተራ የለውም።»

«ተራ ከሌለው እንዴት ቀደመ?»

ደጃዝማች ያየህይራድ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። እስትንፋሱ ከርቤ ከርቤ ይላል። «ስማኝ፣ ወዳጄ። ፍርድህን እንደ ሰጠህ ጃንሆይ ይለቀቃሉ። ከተለቀቁ በኋላ የመጀመሪያ ቃላቸው ምን ይመስልሃል? ‹አቤቱታው ውድቅ ነው› በል፤ ቤትህ ግባ። የጡረታ ቤትም እኔ እጨምርልሃለሁ።»

እውነቱን ለመናገር ቃሉ አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። «ውድቅ ነው» ማለት ሁለት ቃል ነው። ግን አንዴ የተፈረደ ነገር ዳግመኛ አይነሣም፤ ሕጉ እንዲህ ነው። ውድቅ ካልኩት የላይ ሰፈር ሰው በዚህ ጉዳይ ከዚያች ቀን ጀምሮ ማንንም ማስቆም አይችልም። ልጅቷም በእኔ ቃል ትሞታለች። በሐይቁ ሳይሆን በእኔ።

ሌላም ነገር አለ። ሰው ለምን ንጉሥ እወዳለሁ እንደሚል አላውቅም፤ እኔ የምወዳቸው ሰው ሁሉ በተራው እንዲሰለፍ ስላደረጉ ነው። ጉልበተኛው ውኃውን ይዞ ሲሄድ ያስቆሙት እሳቸው ናቸው። እሳቸውን ለማስደሰት ብዬ ሰልፍ ብሰብር ምናቸውን አከበርኩ?

«ሁለታችሁንም ሰምቻለሁ» አልኩ። ድምፄ ጥሩ ወጣ፤ እስከ ጥግ ተሰማ ብለውኛል። «የዛሬው ተራ የላይ ሰፈር ነው። ሦስት ሰዓት ሙሉ ይሰጠው፤ አሁን ይጀምር። ሐይቁ ለዛሬ ከሰፈሩ ኋላ ይሰለፍ።»

ከእግራችን በታች ቧንቧው አጉረመረመ። ውኃው ከወዲያ ተመልሶ ወደ ላይ ሰፈር ሲዞር፣ አስፋልቱ ሥር ለሥር ሲሄድ፣ በጫማችን ተሰማን። አምባሮቹ ወደ ግራጫ ተመለሱ።

ይርገዱ አላመሰገነችኝም፣ ጃንሆይንም እጅ አልነሣችም። ሦስት ሰዓት ሦስት ሰዓት ነው። ጀሪካኖቿን እዚያው ጥላ ወደ ላይ ሰፈር አውቶቡስ ሮጠች። እዚያ ሰልፍ ላይ አሥራ አንድ ሰው ነበር። ገመዱን አንሥቼ አስገባኋት። በሃያ ስድስት ዓመት ሰው ያስቀደምኩት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ከአሥራ አንዱም አንድ ሰው አላጉረመረመም።

ጃንሆይ አሁን ተለቀዋል። ከተማው እንደገና ይሰማቸዋል። አንድ ቃል ብቻ ነው የሚበቃቸው።

«ይሽሩት፣ ጃንሆይ» አለ ደጃዝማች ያየህይራድ። «‹ሽረናል› ይበሉ። ውኃው ገና ላይ ሰፈር አልደረሰም።»

ጃንሆይ አፋቸውን ከፈቱ። አፋቸውን መልሰው ዘጉት። ቀና ብለው በመናኸሪያው ጣሪያ ላይ ያለውን ሰዓት አዩ፤ አራት ከሩብ ይላል። ከዚያ ተሳፋሪ ወደሚያርፍበት አግዳሚ ወንበር ሄደው ተቀመጡ።

መጀመሪያ ላይ ሁላችንም አንገታችንን ደፍተን ቆምን። ግማሽ ሰዓት ሲያልፍ አንገት መድከም ጀመረ። አንዲት ነፍሰ ጡር ቀስ ብላ ሻንጣዋ ላይ ተቀመጠች፤ ማንም ስላልተቆጣት ሌሎቹም ተከተሉ። በኋላ የመጡት አውቶቡሶች ምንጣፉን ላለመርገጥ ቆመው እስከ ጠባሴ ሰፈር ድረስ ተደረደሩ። ደጃዝማች ያየህይራድ በየሩብ ሰዓቱ ጎንበስ እያለ ይለምናል፤ በወረቀት እየጻፈም ያሳያል። ጃንሆይ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ራስ መነቅነቅ ሕግ አይደለም፤ ከተማው የሚሰማው ድምፅ ነው። አንድ ጊዜ አቧራ ገብቶባቸው ሊያስነጥሳቸው ሲል አፍንጫቸውን በሁለት ጣታቸው ጨምቀው ያዙ። እንባቸው እስኪፈስ ድረስ ያዙት።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ አጠገባቸው የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ፣ ማን አጠገብ እንደተቀመጡ ረስተው ይሁን አውቀው፣ ከኪሳቸው ቆሎ አውጥተው ዘረጉላቸው። ዘበኛው ተንቀሳቀሰ። ጃንሆይ እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሉ። ከሽማግሌው ጋር ጎን ለጎን ቆሎ ሲቆረጥሙ፣ ሁለቱም አስፋልቱን እያዩ፣ ሰዓቱ እየሄደ፣ እኔ እዚያ ቆሜ አለቀስኩ። ለምን እንደሆነ ብትጠይቁኝ በደንብ አላውቅም። ከዚያ ቀን በፊት የወደድኳቸው ይመስለኝ ነበር፤ ገና ያን ጊዜ ነው የወደድኳቸው።

ሰባት ከሩብ ሲሆን ከእግራችን በታች ያለው ድምፅ ቀጥ አለ። የላይ ሰፈር ተራ አለቀ።

ጃንሆይ ተነሡ። ከካባቸው ላይ የቆሎውን ገለባ አራገፉ። ሰዉም ብድግ ብሎ አንገቱን ደፋ።

«ፍርዱን ሽረናል» አሉ። ድምፃቸው ከዝምታው የተነሣ ሻክሯል። «የቀባን እግዚአብሔር ነው፤ ዳኛችንም እሱ ነው። ተራ አስከባሪው ከሥራው ይነሣ።»

በዚያው ቅጽበት ከአምባሬ ላይ የመናኸሪያ ሠራተኛነቴ ምልክት የነበረው ቢጫ መስመር ጠፋ። ገመዱ የሚቀመጥበት የተራ አስከባሪው ክፍል በርም ከኋላዬ ጠቅ ብሎ ተዘጋ። ደጃዝማች ያየህይራድ ፊቱ በራ፤ ዘውዱ ዳነ፣ ሥርዓቱ ዳነ። ጃንሆይ በአጠገቤ ሲያልፉ አላዩኝም። የቀራቸውን ሠላሳ እርምጃ በእግራቸው ጨርሰው መኪናቸው ውስጥ ገቡ።

እኔም ወደ ላይ ሰፈር በእግሬ ወጣሁ። የሥራ ልብሴን አላወለቅኩም፤ ማውለቅ አልፈለግኩም።

የይርገዱን ቤት ማንንም ሳልጠይቅ አገኘሁት፤ ደጃፉ ረጥቧል። ሮቶው እስከ አፉ ሞልቷል። ከሮቶው ሌላ ድስቱም፣ የልብስ ማጠቢያ ሳፋውም፣ ፔርሙዙም፣ የአበባ ማስቀመጫውም፣ ሁለት የዝናብ ቦት ጫማም ሳይቀር ውኃ ተሞልቶ በመስኮቱ ሥር ተደርድሯል። ማሽኑ ያጓራል። ሶስና አልጋ ላይ ተንጋላለች፤ ፊቷ እንዳበጠ ነው፣ ዓይኗ ግን ነቅቷል።

«ዳኛው እርስዎ ነዎት?» አለችኝ። «እማዬ ረጅም ሰው ነው ብላኝ ነበር።»

«ስፈርድ እረዝማለሁ» አልኳት።

ይርገዱ እጅጌዋን እንደ ሰበሰበች ከጓዳ ወጣች። ቁጭ በል አላለችኝም፤ ወንበሮቹ ላይ ሁሉ ባልዲ ነበረ።

«ምን አሉ?»

«ሻሩት።»

«መቼ?»

«ሰባት ከሩብ ላይ።»

ሮቶውን አየች። ድስቶቹን አየች። «ሰባት ከሩብ ላይ» አለች ለራሷ። ፈገግ አላለችም፤ ግን ትከሻዋ ወረድ አለ። «አንተንስ ምን አደረጉህ?»

«ከሥራ ተነሣሁ።»

«አዝናለሁ፣ ወንድሜ።»

«ተይው። ፍርዱ ልክ ነበር» አልኳት፤ ልክም ነበር።

እጇን በቀሚሷ አደረቀች። ሐሳብ ገብቷታል። «እስቲ አንተ ሕጉን ታውቃለህ። የተፈረደ ነገር ዳግመኛ አይነሣም አይደል?»

«አይነሣም።»

«የተሻረስ?»

መንገዱን ሁሉ እየወጣሁ ያላሰብኩትን እሷ በአንድ ቃል አመጣችው። ጃንሆይ ፍርዱን ቢያጸድቁት ኖሮ ነገሩ ያበቃ ነበር፤ ያን ቀን ብቻ ይፈጸምና ይዘጋ ነበር። ዝም ብለው ቢሄዱም እንዲሁ ነው። ሻሩት እንጂ። ይህን አውቀው ይሁን ሳያውቁ ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ጠይቆኛል። እኔ የማውቀው ሦስት ሰዓት ሙሉ ሲያስቡ ማየቴን ነው።

«የተሻረ እንዳልተፈረደ ነው» አልኳት።

«እንዳልተፈረደ ከሆነ እንደ አዲስ ማቅረብ ይቻላል።»

«ይቻላል። አንቺም፣ ሌላውም የሰፈር ሰው። ‹አታስቁሙን› ግን አላሉም።»

ሶስና ከአልጋዋ ላይ እያየችን ነው። ማሽኑ አንዴ ጠጣና እንደገና ማጓራት ጀመረ። በመስኮቱ በኩል ጎረቤቶቹ በየደጁ ውኃቸውን ሲገለብጡ፣ ሲጠራሩ፣ ክዳን ሲፈላለጉ ይሰማል። ይርገዱ አንገቷን አውጥታ አየቻቸውና ተመለሰች።

«በቀጣዩ ተራችን፣ በዘጠነኛው ቀን፣ ጃንሆይ በየት በኩል ነው የሚያልፉት?» አለችኝ።

ይህን ለውጭ ሰው የነገረ የመናኸሪያ ሰው ምን እንደሚደርስበት አውቃለሁ። የንጉሥ ሰው መሆኔንም አውቃለሁ፤ እስከ ዛሬም ነኝ።

«ከብርድ ልብስ ፋብሪካው ጀርባ፣ አራት ሰዓት ላይ» አልኳት። «ግን ቀደም ብለሽ ሂጂ፤ ሰልፉ ይበዛል።»